ሌሊት የሚነድ፣ ቀን የማይሰማ እግር

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ሃምሳዎቹን የጀመርኩ መምህርት ነኝ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከስኳሩ ይልቅ ሰላም የነሳኝ እግሬ ነው። መጀመሪያ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። ባዶ እግሬን እያየሁት ካልሲ ያላወለቅሁ ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ማቃጠል ጀመረ። አሁን ሁለቱም ውስጥ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይነዳል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ተነስቶ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝረኛል።

ቀን ቀን ሥራው ያስረሳኛል። ጉዱ የሚመጣው ማታ ጋደም ስል ነው። አንሶላው ጣቴን ሲነካው እንኳ አልችለውም። እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ላድር ስል ደግሞ ይበርደኛል። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የሚነጋበት ሌሊት ብዙ ነው። ሲብስብኝ ተነስቼ ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ እሱም ለጊዜው ነው። የራስ ምታት ማስታገሻ ብውጥ ብውጥ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እግሬን አገላብጦ አይቶ «ምንም የለውም እኮ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አላበጠ፣ አልቆሰለ። ልጄም «እማዬ፣ አታካብጂው» ማለት ጀምራለች። ሐኪም ዘንድ ሄጄ የስኳር የነርቭ ሕመም ነው ተባልኩና ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። አብሮት ያለውን ወረቀት ሳነበው የድብርት መድኃኒት ይላል! የታመመው እግሬ፣ የታዘዘልኝ የድብርት ክኒን። ሐኪሙም እንደ ቤተሰቦቼ አላመነኝም ማለት ነው? ክኒኑ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

በዚያ ላይ ክፍል ውስጥ መቆም እየከበደኝ ነው፤ ተቀምጦ ማስተማር ደግሞ ያሳፍረኛል። ሰሞኑን ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ስባሪ ጠመኔ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ቀኑን ሙሉ ረግጬው ስውል አልተሰማኝም፤ ለልጄ ነግሬያት ተሳሳቅን። ይህ ሕመም ይለቀኛል ወይ? ካልለቀቀኝስ እንዴት ነው የምኖረው?

እንቅልፍ ያጣሁት መምህርት

*

የተከበሩ መምህርት፣

ደብዳቤዎ ውስጥ ብዙ ስቃይ አለ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የሳቁበት ቦታ ነው። አንሶላ የማይችል እግር እንዴት ስባሪ ጠመኔ ረግጦ ይውላል? በሽታው እንዲህ ነው፤ የተጎዳ ነርቭ ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ መጮህ በሚገባው ሰዓት ደግሞ ዝም ይላል። ጠመኔ ባይሆን ሚስማር ቢሆን ኖሮስ? ሌሊት የሚያቃጥልዎ ሕመም እንቅልፍዎን ይወስዳል እንጂ እግርዎን አይወስድም። እግር የሚያሳጣው ያልተሰማው ቁስል ነው። ስለዚህ የምመክርዎት ሁለት ለየቅል የሆኑ ነገሮችን ነው፤ ሕመሙን ማስታገስና የደነዘዘውን እግር መጠበቅ።

ከክኒኑ ልጀምር። ሐኪሙ አምኖዎታል፤ ተራ ማስታገሻ ያልሰጠዎትም ለዚህ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ አይቡፕሮፌንን ስኳር ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲወስደው ደግሞ ለኩላሊት ያሰጋል። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የተሠራ የቆየ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነርቭ ወደ አንጎል የሚልከውን የሕመም መልእክት እንደሚያለዝብ ከታወቀ ቆይቷል። ለነርቭ የሚታዘዘው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ነው፤ ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ። ታዲያ ክፉ ጠባይ አለው። አፍ ማድረቁና ማፍዘዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ የሚተወው ለዚህ ነው። ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ ጠዋት ላይ የሚኖረውን መፍዘዝ ይቀንሳል። የልብ ሕመም፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ችግር ካለብዎት ግን ሳይጀምሩት ለሐኪሙ ይንገሩ። ካልተስማማዎት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና ዱሎክሰቲን የሚባሉ ሌሎች አሉ። ከጀመሩ በኋላ በራስዎ ውሳኔ ድንገት ማቋረጥ ግን አይገባም።

ይለቀኛል ወይ ላሉኝ፣ ሳላድበሰብስ ልመልስ። የተጎዳው ነርቭ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት መመለሱ አይጠበቅም፤ ስኳሩን መቆጣጠር ግን እንዳይብስ ይረዳል። መድኃኒቱም ሕመሙን በሲሶ ወይም በግማሽ ከቀነሰው ሐኪሞች እንደ ጥሩ ውጤት ይቆጥሩታል። ይህ ትንሽ ይመስልዎት ይሆናል፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአንዴ ሲወርድ ማቃጠሉ ለጊዜው ሊብስ እንደሚችልም ይወቁ፤ ያኔ ደንግጠው መድኃኒትዎን አይጣሉ፣ ለሐኪሙ ይንገሩት።

አንድ ነገር ግን ሳያስመረምሩ እንዳያልፉ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ 12 ሊያሳንስ ይችላል፤ የቢ 12 ማነስ ደግሞ ብቻውን ይህንኑ መደንዘዝና ማቃጠል ያመጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት። «ለነርቭ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሰጥ ቫይታሚን ሁሉ ግን አይዋጥም፤ ቢ 6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ሙቅ ውሃውን ዛሬውኑ ይተዉት። ጠመኔ ያልተሰማው እግር የሚፋጅ ውሃም አይሰማውም፤ ቆዳው ተልጦ ጠዋት ሊያገኙት ይችላሉ። ሲታጠቡም የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይሞክሩት። በረዶና የሙቅ ውሃ ላስቲክም ያው ናቸው። ለአንሶላው መላ አለው። አልጋው ግርጌ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ጠንካራ ካርቶን ወይም ሳጥን ያስቀምጡና ልብሱ በላዩ ተንጠልጥሎ ይደር፤ እግርዎ ሳይነካና ሳይበርደው ይተኛል። ሌሊት ሲነሱ መብራት ያብሩ፤ የደነዘዘ እግር ወለሉን በደንብ ስለማያውቀው ያደናቅፋል።

ባለቤትዎን በክርክር አያሳምኗቸውም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ። ሐኪሙ በ10 ግራም ክብደት ልክ ሲጫን የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ይዞ፣ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ውስጥ እግርዎን ይነካል፤ ሲሰማዎት «አዎ» ይላሉ። ክሩ እየታጠፈ እርስዎ ዝም ሲሉ ባለቤትዎ ቆመው ይዩ። በስኳር ቀድመው የሚጎዱት ከወገብ ተነስተው ጣት ጫፍ የሚደርሱት ረጃጅሞቹ ነርቮች እንደሆኑ፣ ለዚህም በሁለቱም እግር ከጣት ተነስቶ ካልሲ እስከሚደርስበት እንደሚወጣ ሐኪሙ ያስረዳቸዋል። ከዚያ በኋላ «ምንም የለውም» የሚሉ አይመስለኝም።

«አታካብጂው» ላለችው ልጅዎ ደግሞ ሥራ ይስጧት። ማታ ማታ ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መሐል ትይልዎት፤ ከሌለች መስታወት ወለል ላይ አድርገው ራስዎ ይዩ። የምትፈልገው ቁስል፣ መቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ነው። ተረከዙን ቅባት ይቀቡት፤ በጣቶች መሐል ግን አይቀቡ፣ እርጥበት ሲከማች ቆዳው ይላላል። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ሁልጊዜ እጅዎን አስገብተው ይዳስሱት። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ። አዲስ ጫማ እግር ትንሽ በሚያብጥበት በከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር።

ቁስል ካገኙ ስላላመመዎት አይናቁት፤ በዚያው ቀን ይታይ። አንዱ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢሞቅ፣ ቢጠቁር፣ ቢሸት፣ ወይም ትኩሳት ቢኖርም እንዲሁ። ድክመት ተሰምቶዎት እግርዎ ከተጎተተ፣ ወይም መደንዘዙ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ፣ ይህ ከለመዱት ሕመም የተለየ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ።

ስለ ወንበሩ፦ ይቀመጡ እንጂ! እንቅስቃሴ ይጠቅምዎታል፤ የሚጎዳዎት አንድ ቦታ ተገትሮ መዋል ነው። ጥቂት ተራምደው፣ ጥቂት ተቀምጠው፣ እንደገና ተነስተው ማስተማር ይችላሉ። ከሥራ ውጪ እግርዎ ቁስል ከሌለበት መራመድ ጥሩ ነው፤ መራመዱ ከበዛብዎ ባለበት የሚነዳ ብስክሌት ክብደቱን ከእግርዎ ላይ ያነሳል። ቀጠሮው ላይ ለመሥሪያ ቤትዎ የሚሆን አጭር ማስረጃ ያጽፉ፤ «በሕክምና ምክንያት እየተቀመጡ እንዲያስተምሩ» የሚል ይበቃል፣ የበሽታውን ስም መዘርዘር ግዴታ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሲገቡ ያንን ወረቀት ይስጡ፤ ማብራሪያ ቢጠየቁም ለመስጠት አይቸኩሉ።