እጅ ማውጣት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። አሁን እሱም መምህር ሆኗል። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ጉልበቴ ሕመም ሲጠይቀኝ ቆየ። ቶናው ላይ የመጣበትን ነገር አወጣው። «ጋሼ፣ ለክልል ምክር ቤት ዕጩ ሁን እያሉኝ ነው። ምን ይላሉ?»

እኔን የጠየቀኝ በዚያው መንገድ ስለሄድኩ ነው። የሰጠሁት መልስ ግን ጎዶሎ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። ሌሎቻችሁም ነገ ትጠየቃላችሁና ልጻፈው አልኩ።

በ1966 ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩ። 18 ዓመቴ ነው። ያ ዓመት መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው የካቲት ላይ ሥራ ያቆሙበት ነው። የታክሲ ሾፌሮችም በነዳጅ ዋጋ አድመው ነበር። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ጎን አደረገው። ስለ ዕቅዱ የገባኝ ጥቂት ነው። መምህር ሲናገር ቤተ መንግሥት ድረስ እንደሚሰማ ግን አየሁ። ፖለቲካ የነካካኝ ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ገደማ አስተማርኩ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ልጆቹን፣ ማታ አባቶቻቸውን በፋኖስ አስተምር ነበር። ጠመኔ ይዞ የማያውቅ የገበሬ እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ይዛችሁ ስታጽፉት ነው። «ሀ» ብሎ ለመጨረስ የሚያልበው ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አርሶ ያላላበው።

በ1992 ምርጫ ለክልል ምክር ቤት ስቀርብ እነዚህ የማታ ተማሪዎቼ ናቸው የመረጡኝ። የቀረብኩት በድርጅት ነው፤ አልደብቃችሁም። ብዙዎቹ ግን የድርጅቱን ፕሮግራም አላነበቡም። እኔም ቢሆን ሙሉውን አላነበብኩም። «ስሜን ያጻፈኝ ሰውዬ» ብለው ነው ድምፃቸውን የሰጡኝ። መምህር ሲወዳደር ይህ ትልቅ ጉልበት ነው። ቀበሌውን ቤት ለቤት ያውቀዋል። የማን ልጅ ለምን እንደቀረ ያውቃል። ሌላው ዕጩ በሞንታርቦ የሚለፋበትን እሱ በስም መጥሪያ ይዞታል።

ምክር ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ያየሁት ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ክፍል ውስጥ ልጅ እጁን የሚያወጣው ሊጠይቅ ነው። እዚህ ደግሞ እጅ የሚወጣው ለማፅደቅ ነው። «የምትደግፉ?» ሲባል አዳራሹ ሁሉ እጅ ይሆናል። «የምትቃወሙ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «በሙሉ ድምፅ ፀድቋል።» ጭብጨባ፣ ከዚያ ሻይ ዕረፍት።

የበጀት ሰነዱ እንደ ጡብ የወፈረ ነበር። ጠዋት ተሰጠን፣ ከሰዓት በኋላ ፀደቀ። እጄን አወጣሁ። ሳያነብ ፈተና የተቀመጠ ልጅ ላይ ስቆጣ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሽፋኑን እንኳ በቅጡ ሳልገልጥ እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። አለመጠየቄን ደግሞ በድርጅቱም በምክር ቤቱም ላላክክ አልፈልግም። ማፈር ነው የከለከለኝ። መምህር ሆኖ «አልገባኝም» ማለት ሞት ይመስላል።

ያዳነችኝ አንዲት የፋይናንስ ባለሙያ ነበረች፤ ከእኔ በ20 ዓመት የምታንስ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ መደበኛውን፣ ማለትም የሥራ ማስኬጃውን፣ ከካፒታሉ፣ ከግንባታው፣ ይለዩ። ከዚያ ደመወዝን ያውጡት። የቀረችውን ይዩ» አለችኝ። ከሷ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ያዙ።

ያኔ ክልሎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ነበር። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። በእኔ ጊዜ፣ በ1994፣ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ለወረዳ በጥቅል በጀት መስጠት ተጀመረ። «ብሎክ ግራንት» ይባላል። ወረዳው ጥቅሉን ወስዶ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ራሱ ይደለድላል። ወረቀት ላይ ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ወረደ። መሬት ላይ ግን ጥቅሉን የሚበላው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዙም ትልቁ የመምህራን ነው። ለጠመኔ፣ ለወንበር ጥገና፣ ለሱፐርቫይዘር ትራንስፖርት የምትቀረው ጭላጭ ናት። እኛ በአዳራሽ «ለትምህርት ትልቁን ድርሻ ሰጠን» ብለን እናጨበጭባለን። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ይህን ያልተረዳ ተመራጭ መምህራኑ ሲያማርሩ ውሸታሞች ይመስሉታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከክልል በሚመጣ የካፒታል በጀት አንድ ሁለተኛ እርከን ትምህርት ቤት፣ ማለትም ከ5 እስከ 8፣ በአካባቢያችን ሊሠራ ሆነ። ሁለት ቀበሌዎች ይፎካከሩ ነበር። አንዱ የእኔ፣ የተወለድኩበት። ሌላው ከገደሉ ማዶ ያለው። የማዶዎቹ ልጆች ከሁሉም ይርቃሉ። ባለሙያዎቹ በወረቀት አሳይተውኛል። እኔ ግን ወረዳ ሄድኩ፣ ዞን ሄድኩ፣ ሰው ያዝኩ። ትምህርት ቤቱ እናቴ ቤት አጠገብ ተሠራ። ሲመረቅ በሬ ታረደ፣ ጋቢ ለበስኩ። «የአካባቢያችን ልጅ» ተብዬ ተሞገስኩ። ሌባ አልነበርኩም፤ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

የምናደንቃቸውም መምህራን ቢሆኑ ከእንዲህ ያለው አያመልጡም። የታንዛኒያውን ጁሊየስ ኔሬሬን ታውቃላችሁ። ዳሬሰላም አጠገብ ፑጉ የሚባል ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ወይ ማስተማሩን ወይ ፖለቲካውን ምረጥ ሲባል ሥራውን ለቀቀ። ፕሬዚዳንት ሆኖም እስኪሞት ድረስ «ምዋሊሙ» ነው የሚባለው፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ልከኛ ሰው ነበር። እንደዚያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚሊዮኖችን ከየቀያቸው አንስቶ በመንደር አሰፈራቸው፤ ብዙዎቹን በግድ። የእኛን መንደር ምሥረታ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እኔ ሳስበው የመምህር በሽታ አለበት። ክፍል ውስጥ «አንተ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ» ብለን ማስቀመጥ እንለምዳለን። አገርንም እንደዚያ ማስቀመጥ ያምረናል።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ሊንደን ጆንሰንም ወጣት ሳለ ቴክሳስ ውስጥ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ ድሆች ልጆችን አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለድሃ ተማሪዎች ገንዘብ የሚመድበውን የትምህርት ሕግ የፈረመው በልጅነቱ የተማረበት ቦታ ሄዶ፣ የመጀመሪያ መምህሩን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ደስ ይላል። ያው ሰው በዚያው ዓመት ነው ብዙ ሺህ ወታደር ወደ ቬትናም የላከው። እንግዲህ ጠመኔ መያዝ ብቻውን ሰውን ደህና መሪ አያደርገውም። ዕጩ ሁኑ የሚሏችሁ ሰዎች «አንተ እኮ መምህር ነህ፣ ሕዝብ ታውቃለህ» ይሏችኋል። ግማሹ ልክ ነው።

በ1997 ተሸነፍኩ። ለሁለት ሳምንት ገበያ መውጣት አፈርኩ። ከዚያ ወደ ክፍል ልመለስ ብዬ አመለከትኩ። ሰው ተገረመ። ቢሮ የለመደ ሰው ተመልሶ ክፍለ ጊዜ መቁጠር ውርደት ነው የሚመስላቸው። እኔ ግን ሌላ የማውቀው ሙያ የለም። ማስተማሩን ጨርሳችሁ ካልጣላችሁት መመለሻ አላችሁ። መመለሻ ያለው ሰው ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ለመጠየቅ ያን ያህል አይፈራም። ይህን ያወቅኩት ግን ከተሸነፍኩ በኋላ ነው።

የመደቡኝ ያ እኔ ያሠራሁት ትምህርት ቤት ነው። የአምስተኛ ክፍልን ስም መጥሪያ ተቀበልኩ። 71 ልጅ። ስሙን ስጠራ የአባቶቹን ስም ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የእኛ ቀበሌ ነው። ከማዶ ስንት አሉ ብዬ ጠየቅኩ። አምስት ቆሙ፤ አምስቱም ወንዶች። «ሴቶቹስ?»

«አራትን ሲጨርሱ ቀሩ፤ ገደሉን ብቻቸውን አይወጡትም» አለኝ አንዱ፣ ደህና ነገር እንደሚናገር ሰው።

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ቀን ጻፍኩ፣ ርዕስ ጻፍኩ፣ ብዙ ቆይቼ ሌላም ጻፍኩ። ስዞር ከወደ ኋላ አንድ እጅ ወጥቷል። የምክር ቤት ልማድ አለቀቀኝም፤ በሆዴ «አንድ ድጋፍ» ብዬ ቆጠርኩት።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ «ከዚህ ሆነን አይታየንም።»