የአንባብያን ጥያቄ፦ ከበሮው ሲመታ የዘፋኟ ድምፅ የት ይሄዳል?

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ የአገር ቤት ዘፈንና ጭፈራን ለጥናት እንዲሆን አድርጎ መቅረጽ፣ መጻፍና ማቆየት። ተቀራራቢዎቹን ጠቅለል አድርገን መልሰናል።

«ነሐሴ 16 ልጃገረዶቹ ሶለል ሲጨፍሩ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ሳዳምጠው ከበሮው በተመታ ቁጥር የአውራጇ ድምፅ ይሰምጥና መልሶ ብቅ ይላል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው? ዘንድሮ ለጥናት የሚሆን ቅጂ እንዲኖረኝ ምን ላድርግ?» (ከቆቦ)

ስልክዎ አልተበላሸም፤ የተሠራበትን እየሠራ ነው። የስልክ ድምፅ መቅረጫ የሰው ወሬ እኩል ሆኖ እንዲሰማ ታስቦ ስለተዘጋጀ፣ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት በራሱ ጊዜ መጠኑን ዝቅ፣ ጸጥ ሲልለት ደግሞ ከፍ ያደርጋል። እጅ ከበሮው ላይ ባረፈ ቁጥር መጠኑ ይወርዳል፣ አውራጇም አብራ ትወርዳለች። እንዲህ የተቀረጸን ድምፅ በኋላ ማቃናት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ መፍትሔው ከመቅረጽ በፊት ያለው ነው።

የድምፅ መጠኑን በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድና በዌቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዝ ፋይል) የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ራስ-ሰር ማስተካከያውን ያጥፉ። ጭፈራው ሳይጀመር ከበሮ መቺዋ ባላት ኃይል ሁለት ሦስት ጊዜ እንድትመታ ይለምኗትና ከፍተኛው ምት በመተግበሪያው የድምፅ መለኪያ ከዜሮ (ከመጨረሻው ወሰን) በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ሲዳመጥ ደከም ያለ ይመስላል፤ አይጨነቁ፣ ደካማ ድምፅ በኋላ ከፍ ይደረጋል፣ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም። ልኩን 24 ቢት፣ 48 ኪሎሄርዝ ያድርጉት። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ ማድረግ አይርሳ፤ በግጥሙ መካከል የሚጮህ ጥሪ ብዙ ቅጂ አበላሽቷል።

ቀጥሎ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ከአውራጇ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይጠጉ፤ ከበሮዋ ግን በእርስዎና በአውራጇ መካከል እንዳትሆን፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ሜትር ትራቅ። የሚያጨበጭቡ እጆች ከማይክሮፎኑ ፊት አይሁኑ፤ ጭብጨባ ቅርብ ሲሆን ከከበሮ የባሰ ድምፅ ይሰነጥቃል። ለነፋሱ የስፖንጅ ሽፋን ያድርጉ እንጂ ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ አያብሩ። ማጣሪያው ነፋሱን ሲቆርጥ የከበሮውን ሆድም ይቆርጠዋል፤ በገና ላይ ከተጠቀሙበትማ ወፍራሞቹን ጅማቶች ባዶ ያስቀራቸዋል።

ልጃገረዶቹ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ ግጥሙ እንደ ባለቤቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል አንድ ደጅ ቀርጸው አይመለሱ። ሦስት አራት ደጅ ይከተሉ፤ የትኛው ስንኝ ቋሚ፣ የትኛው ለዚያ ቤት የተፈጠረ እንደሆነ የሚለየው በማነጻጸር ብቻ ነው።

መቅረጽ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ድምፅ የእርስዎ ይሁን፤ ቀኑን፣ ቀበሌና ወረዳውን፣ አውራጇና ከበሮ መቺዋ ማን እንደሆኑ፣ ጭፈራው በራሱ ጊዜ የመጣ ይሁን እርስዎ ለምነው የተደረገ ይናገሩ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለካሜራ ተብሎ በሰኔ የተጨፈረና በነሐሴ በዕለቱ የተጨፈረ ሶለል እኩል ማስረጃ አይደሉም። ስሙንም እንደ አካባቢው ይጻፉ፤ የቆቦውን «ሻደይ» ብለው ካስቀመጡት የሰቆጣ፣ «አሸንድዬ» ካሉት የላስታ ሆኖ ይቀራል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍሩ፤ «ነሐሴ 16 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2024)» እንደማለት። ሰዓቱ ላይም ይጠንቀቁ፤ እርስዎ «ከቀኑ 4 ሰዓት» ሲሉ ስልክዎ 10 ሰዓት ብሎ ይመዘግባል፤ በዓመቱ ማስታወሻና ፋይል አልገጥም ሲል ሰበቡ ይኸው ነው።

ልጆቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ከሆኑ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከወላጅ ነው፤ ያውም ከዕለቱ በፊት ቤታቸው ሄደው። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ በይነመረብ ላይ ይወጣ አይወጣ እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው፤ «እሺ» ያሉትን በድምፅ ይቅረጹ። ሲመለሱ ኮፒውን በፍላሽ ያድርሱላቸው። ይህን ያላደረገ ሰው በሁለተኛው ዓመት በሩ ይዘጋበታል፤ ከእሱ በኋላ በሚመጣው አጥኚም ላይ እንዲሁ።

«እስክስታን በጽሑፍ ማስፈር ይቻላል? ቪዲዮ ካለ ለምን ያስፈልጋል?» (ከባሕር ዳር፣ የቴአትር ጥበባት ተማሪ)

ቪዲዮ የታየውን ያሳያል፤ ጨፋሪው ምን እንደሚያደርግ የተረዳነውን ግን አይነግረንም። ትከሻው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ፊት የሚሄደው? ሁለቱ አብረው ነው ወይስ እየተፈራረቁ? አንገት ከትከሻ ቀድሞ ነው ወይስ ተከትሎ? ለመጻፍ ሲቀመጡ ነው አለማወቅዎ የሚገለጠው።

የጭፈራ ሊቁ ሩዶልፍ ላባን እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳተመው የጭፈራ አጻጻፍ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የመሐሉ መስመር የአካሉ መካከል ነው፣ ግራ በግራ፣ ቀኝ በቀኝ፤ የምልክቱ ርዝመት እንቅስቃሴው የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል። ለመሐሉ መስመር የሚቀርበው ዓምድ ክብደት የሚሸከመው እግር ነው። እስክስታ ላይ የሚቸግረውም እዚህ ነው፤ እግሩ ብዙ በማይሠራበት ጭፈራ ዋናው ዓምድ ባዶ ሊቀር ምንም አይቀረው፣ ጭፈራው ሁሉ በትከሻና በደረት ተጨማሪ ምልክቶች ይጨናነቃል። ስለዚህ ከላባን አይጀምሩ።

በ30 ሴኮንድ ይጀምሩ። ኢላን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ልቦናዊ ልሳን ተቋም የተሠራ ነው፣ የግዕዝ ፊደልም ይቀበላል። ከቪዲዮው ሥር ለከበሮ፣ ለትከሻ፣ ለአንገት፣ ለእግር፣ ለግጥም የተለያዩ ረድፎች ይክፈቱ። መጀመሪያ የከበሮውን ምቶች ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በእነሱ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ ሩብ አውርደው ትከሻውን ይከተሉ። አንዲት ደቂቃ ግማሽ ቀን ብትፈጅብዎት የሰነፍነት ምልክት አይደለም።

የቀረጻው ጥራት እዚህ ይፈተናል። ትከሻ በሴኮንድ አራት ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ሲቀረጽ ለእያንዳንዱ እንቅጥቅጥ የሚደርሰው ስድስት ምስል ብቻ ነው፤ በ50 ግን ዐሥራ ሁለት። ለምን 60 አይሆንም ቢሉ፣ የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በአምፖል ብርሃን በ60 የተቀረጸ ቪዲዮ ሊርገበገብ ይችላል። አንድ ካሜራ ከፊት፣ ሌላው ከጎን፣ ሁለቱም ከእግር ጥፍር እስከ ራስ የሚያሳዩ ይሁኑ፤ ማቅረብና ማራቅ አያስፈልግም። ሲጀመር ከሁለቱ ካሜራዎች ፊት ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ፤ በኋላ ሁለቱን ቪዲዮ የሚያጋጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ ቪዲዮውን ለጨፋሪው አሳይተው «ይቺን ምን ትሏታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ረድፉን የሚሰይሙት እሱ ባለው ቃል እንጂ ከመማሪያ ክፍል ባመጡት አይሁን።

«መምህሬ የአንቺ ሆዬን ቅኝት በኖታ ጻፊ ብሎኝ ጻፍኩ። ክራር ተጫዋቹ በፒያኖ ሲሰማው «ይሄ የኔ አይደለም» አለኝ። ስህተቱ የማን ነው?» (ከአዲስ አበባ)

የፒያኖው ነው። አንቺ ሆዬን «ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ» ብሎ መጻፍ ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ተጫዋቹ ግን እነዚህን ድምፆች ፒያኖው ካስቀመጣቸው ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ይለኩት። ተጫዋቹ ቃኝቶ ሲጨርስ ጅማቶቹን አንድ በአንድ፣ በመካከሉ እየቆየ እንዲመታ ይጠይቁት፤ ዘፈኑ ሲያልቅም ይድገመው። ጅማትና ቆዳ በሙቀትም በመዳፍም ይላላሉና ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ የትኛውን እንደጻፉ ማስታወሻ ይያዙ።

ልኩን ፕራት በሚባለው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ነፃ ፕሮግራም ማግኘት ይቻላል። የላይኛውን ሄርዝ ለታችኛው አካፍለው የውጤቱን ሎጋሪዝም በ2 መሠረት ይውሰዱና በ1200 ያባዙ፤ የሚያገኙት ሴንት ይባላል፤ ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው። ለምሳሌ አንዱ ጅማት 220፣ ቀጣዩ 260 ሄርዝ ቢሆን ርቀቱ 289 ሴንት ነው። ፒያኖ ላይ የሚቀርበው 300 ነውና 11 ሴንት ጎድሏል። ፕሮግራሙ ድንገት እጥፍ ወይም ግማሽ ሄርዝ ካወጣ የፍለጋውን የታችና የላይ ወሰን ያጥብቡ። መሰንቆና ድምፅ አብረው ካሉበት ቅጂ ላይ ግን አይሞክሩ፤ መለኪያው አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚከተለው። ኖታው ላይ ከመስመሩ በላይ ሴንቱን በቁጥር ይጻፉ፤ መምህርዎም ተጫዋቹም ይስማማሉ።

«የአባቴን የበገናና የሠርግ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ እፈልጋለሁ። አንዱ ላይ «ጥር 78» ተብሎ ተጽፏል።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወዲያው አያጫውቱት። መጀመሪያ በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ በስህተት እላዩ ላይ እንዳይቀረጽ ይከላከላል። በመስኮቱ ነጭ ሻጋታ ከታየ ለባለሙያ ይስጡት፤ አንዴ ከዞረ ማጫወቻውንም ሌላውንም ካሴት ይበክላል። ሻጋታ ከሌለው የማጫወቻውን ጭንቅላት (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ያጽዱና ሲደርቅ ካሴቱን አንዴ እስከ ጫፍ አስኪደው ይመልሱት።

ድምፁ የታፈነ ከሆነ የክሩ ጥፋት ሳይሆን ከጭንቅላቱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ሊሆን ይችላል። እየተጫወተ ቀስ አድርገው ያዙሯት፤ የጭብጨባውና የጸናጽሉ ድምፅ በጣም ጠርቶ ሲወጣ ያቁሙ። ካሴቱ ላይ ዶልቢ የሚል ምልክት ካልተጻፈበት የማጫወቻውን ዶልቢ (የሹክሹክታ መቀነሻ) ያጥፉ። ገመዱን ከጆሮ ማዳመጫው ሳይሆን «ላይን አውት» (Line out) ከሚለው መውጫ ይውሰዱ። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎሄርዝ የአንድ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ሁለቱ ገጽ 1.5 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ሹክሹክታ ማጥፊያ አይጠቀሙ፤ ከፈለጉ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሞክሩት። ማሽኑ ሹክሹክታ የሚመስለውን ሲያጠፋ የበገናውን የእንዚራ (ከጅማቶቹ ሥር ያለችው ቁራጭ ቆዳ) ዝዝታም ጠራርጎ ይወስደዋል።

አሮጌ ማጫወቻ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ይህ ቅኝቱን ያዛባል። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሽን ከተቀረጸ ከጀርባ ደከም ያለ ወፍራም «ህምም» ይሰማል፤ 50 ሄርዝ መሆን አለበት። ለክተው 52 ካገኙት ማጫወቻዎ 4 በመቶ ፈጥኗል፣ ሙዚቃውም 68 ሴንት ያህል ሾሏል። ህምታው ልክ 60 ከሆነ ግን የካሴቱ ሳይሆን የአሜሪካው ቤትዎ መብራት ነው። በባትሪ የተቀረጸ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም።

«ጥር 78» በአባትዎ አቆጣጠር 1978 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1986 ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ማለት ነው። ፋይሉን «1978» ብቻ ብለው ከሰየሙት የልጅ ልጅዎ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። አባትዎ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለው እያጫወቱ «አባባ፣ ይሄ የማን ድምፅ ነው?» ብለው መልሱን ይቅረጹ፤ ይህ ከመገልበጡ በፊት ሊቀድም ይገባዋል።

«የባህል ሙዚቃና ጭፈራ አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ? ጽሑፍ ላቀርብ እችላለሁ?» (ከጎንደር)

አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ላይ ሲመሠረት ስሙ «ዓለም አቀፍ የሕዝብ ሙዚቃ ጉባኤ» ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቮን ዊሊያምስ ነበሩ። በ1981 «ባህላዊ ሙዚቃ» ወደሚለው ዞረ፤ «ጭፈራ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የገባው ግን በ2023 ነው፣ ዘግይቶ ቢሆንም። ለኛ አዲስ አይደለም፤ ሀንጋሪያዊው የጭፈራ ተመራማሪ ጄርጅ ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች የጻፈው በ1967 የታተመው በዚሁ ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ዓለም አቀፍ ጉባኤው በሁለት ዓመት አንዴ ይካሄዳል፤ የ2023ቱ ጋና፣ ሌጎን ላይ ነበር። በጉባኤዎቹ መካከል ደግሞ የጥናት ቡድኖቹ ይሰበሰባሉ፤ ለጀማሪ የሚሻሉት እነሱ ናቸው፣ ሰው ትንሽ ስለሆነ ጽሑፍዎ በትክክል ይደመጣል።

የሚላከው አጭር መግለጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ 300 ቃል ገደማ። የሚወድቀው «የጎንደር አዝማሪ ታሪክና ባህል» የሚል ነው፤ ጥያቄ የለበትማ። «አዝማሪ ቤት ውስጥ ‹ተቀበል› ብሎ ስንኝ የሚሰጠው ታዳሚ ሲለወጥ የመሰንቆው አመላለስ ይለወጣል?» የሚለው ግን ያልፋል፤ ምን እንደቀረጹ፣ ስንት ምሽት፣ እንዴት እንዳነጻጸሩ ሊጽፉበት ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሁለተኛ ማይክሮፎን ወደ ታዳሚው ያዙሩ፤ አለበለዚያ የሰጪው ስንኝ ሳይሰማ ይቀርና ግጥሙ ሁሉ የአዝማሪው ሆኖ ይጻፋል።

«ማኅሌት ላይ ወረብ መቅረጽ ይቻላል?» (ከደብረ ማርቆስ)

የደብሩ አስተዳዳሪና መሪጌታው ከፈቀዱ ይቻላል፤ ከዋዜማው በፊት ይጠይቁ። ማይክሮፎኑን ከከበሮው በተቃራኒ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይስቀሉ፤ ጸናጽሉ በቅርብ ከሆነ ዜማውን ይሸፍነዋል። መቋሚያው ወለሉን የሚመታበትን ጊዜም በማስታወሻ ይያዙ። ፋይሉ ላይ «ጭፈራ» ብለው አይጻፉ፤ ዝማሜ ከሆነ ዝማሜ፣ ወረብ ከሆነ ወረብ፣ መሪጌታው ያሉትን።