የወንድሜ ደም ካልተመለሰ ነፍሱ አታርፍምን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወንድሜን የገደለው ሰው ሞት ከተፈረደበት አራት ዓመት ቢሆነውም ፍርዱ አልተፈጸመም። ጎረቤት «ጉቦ ተበልቶ ነው» ይላል። እናቴ «ደሙ ካልተመለሰ የልጄ ነፍስ አታርፍም» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ሰውዬው ከሞተ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ላስገባ ተስያለሁ። በድያለሁን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ያጽናልኝ። ይህን ቃል ከስንት ሐዘንተኛ እናት ሰምቼዋለሁ! ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ደሙን ያልመለሰ ባለ ደም እንደ ተዋረደ ይቆጠር ነበር። አባባሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

«የአቤል ደም ጮኾ የለምን?» ይሉኛል። አዎን፣ ጮኾአል። ግን ወደ ማን ጮኸ? «ወደ እኔ ይጮኻል» ያለው እግዚአብሔር ነው። ጩኸቱን ሰምቶስ ምን አደረገ? ቃየንን ረገመው፣ ከምድሪቱም አሳደደው፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት (ዘፍ. 4፥15)። የአቤል ነፍስ የቃየንን ሞት ስትጠብቅ አልኖረችም። የወንድምሽም ዕረፍት በፈጣሪው እጅ እንጂ በገዳዩ አንገት ላይ አልተንጠለጠለም። ይህን ለእናትሽ ቀስ ብለሽ፣ ደጋግመሽ ንገሪያት።

ስለ መዘግየቱ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የሞት ፍርድ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም ያዛል። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ መፈጸሙ የሚታወቀው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መዘግየቱ ብቻውን የጉቦ ምስክር አይሆንም፤ ባላየሽው ነገር ዳኛ አትሚ።

ማዘንሽ፣ ፍትሕ መፈለግሽም ኃጢአት አይደለም። ዛሬውኑ ይቅር በዪ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ስእለቱን ግን አልቀበልልሽም። እግዚአብሔር ስለ ኃጢአተኛው ሞት ጥላ የሚቀበል አምላክ አይደለም፤ «ኃጢአተኛው ይሞት ዘንድ አልፈቅድም» ያለው እርሱ ነው (ሕዝ. 33፥11)። ያ ሰው ንስሓ ሊገባበት የሚችል ዕድሜ ቀርቶለታል፤ እንዲያጥርበት አትለምኚ። እንዲህ ያለው ስእለት አያስርሽም፤ ለንስሓ አባትሽ ንገሪና ይፍቱሽ። ለጥላው ያጠራቀምሽውን ገንዘብ በወንድምሽ የክርስትና ስም ለችግረኞች ስጪ፤ እናትሽም በእጇ ታካፍል።