ከባሕር ርቄ ስለ ባሕር ማዘኔ ሞኝነት ነው?

ደብዳቤ

እትዬ፣ አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምጽፍልዎት ስለ ትዳር ወይም ስለ ገንዘብ አይደለም። ችግሬን ለሰው ልናገር ስል አፌ ላይ ይከብደኛል፤ "ይቺ ደግሞ ምን ነካት?" እንዳልባል እፈራለሁ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ በፊት ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሰርዶ እያለ አሰብ ወርዶ ዕቃ ጭኖ ይመለስ ነበር። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነኝ። አንድ ጊዜ ጡጫ የሚያህል ዛጎል አመጣልኝ። ውጭው ሸካራ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ሕፃን ጥፍር የለሰለሰ፣ ሮዝ ቀለም ያለው። ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል። "ጆሮሽ ላይ አድርጊው፣ ባሕሩ ይሰማሻል" አለኝ። ዛሬም ቡፌው ላይ አለ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ በዚያ ዛጎል የተነሳ ግን የራሴ የሆነ ነገር ያህል እወደዋለሁ። አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል።

አምና ትልቋ ልጄ በስልክ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። የባሕር ኤሊ ፌስታል ስትውጥ የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ራሱ ያንኑ ዓይነት እየመረጠ ያመጣልኛል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንዱን ስጨርስ ሌላውን እያየሁ እኩለ ሌሊት ይሆናል። የአረፋ ዕለት ደግሞ በግ አርደን ጨጓራውን ልናጥብ ስንከፍተው፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጥቁር ፌስታል ወጣ። ብጎትተው፣ ብጎትተው አያልቅም። እጄ ላይ እንደያዝኩት ኤሊዋ ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። ሴቶቹ የሽንኩርቱ ነው ብለው ዝም አሉ።

በሳምንቱ ፌስታል መስጠት አቆምኩ። ደንበኞቼ ተቆጡ። አንዷ "ታዲያ ቲማቲሙን በጉያዬ ልያዘው?" ብላ ጥላኝ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደች። እኔም ተናድጄ "የምትጥሉት ፌስታል በቦርከና ወርዶ ባሕር እየገባ ፍጥረቱን እየፈጀ ነው" ብዬ ተናገርኩ። አንድ ወጣት ከት ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴ ማታ ሒሳቡን ሲያይ "ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ብለሽ የልጆቹን እንጀራ ልትዘጊ ነው?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። በሦስተኛው ሳምንት ፌስታሉን መልሼ ሰቀልኩት።

አሁን ቀን እሰጣለሁ፣ ሌሊት አለቅሳለሁ። ዓለም ሁሉ እየጣለ የኔ አንዲት ሱቅ ምን ታመጣለች? ደግሞ ዛጎሉን ባየሁ ቁጥር አባቴን የከዳሁት ይመስለኛል። ተስፋ የሚባለውን ነገር ከየት ላምጣው፣ እትዬ?

የሾፌሩ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

አብሽሪ፣ እታለም። ደብዳቤሽ ደሴ ከደረሰኝ ወዲህ ያ ጫፉ የተሸረፈ ዛጎል ከሐሳቤ አልወጣም። ሞኝነት አይደለም። ከኔ ጋር እንጀራ የሚቆርስ ሰው ሁሉ የሩቁን እንዳንቺ ቢወድ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ፤ አትቀየሚኝ። ቦርከና ባሕር አይደርስም። ከኛ ከደሴ ተራሮች ሥር ተነስቶ በእናንተ ከተማ ያልፋል፤ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወርዶ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አባትሽ ያየው ቀይ ባሕር ራሱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም። የበሽሎን ወንዝ ይዞ አባይ የሚገባው፣ ከአባይም ጋር ወደ ሜዲትራኒያን የሚያቀናው ከኩታበር ወዲያ ያለው ውኃ ነው፤ የኮምቦልቻ አይደለም።

ይህን የምነግርሽ ልፋትሽን ላቃልል ብዬ አይደለም። ያ ወጣት የሳቀው ወንዙ የት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ይሆናል። ልክ ባልሆነ ነገር ስንሟገት ልክ የሆነውም አብሮ ይረገጥብናል። ደግሞ አስቢው፦ ፌስታሉ ባሕር ካልገባ የት ገባ? እዚሁ ነው ያለው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከአፋር ሳይቀር ከብቶቻቸውን ይዘው በሚመጡበት በጨፋ ነው። የሰፈርሽ ቦይ ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃውን አግዶ ቤት ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። በግሽ ጨጓራ ውስጥ ነው። ኤሊዋ የምትውጠው ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ጄሊፊሽ የሚባለውን፣ እንደ ብርሌ ብርሃን የሚያሳልፈውን ምግቧን ስለሚመስላት ነው። በጉ ደግሞ የምግብ ሽታ ስላለበት ይበላዋል። አንቺ የአረፋ ዕለት እጅሽ ላይ ይዘሽው የቀረሽው ከማንም ቪዲዮ የበለጠ ማስረጃ ነው። ለደንበኞችሽ እሱን ንገሪያቸው። እሱ ላይ የሚስቅ ወሎዬ አይኖርም።

ታዲያ ባለቤትሽ "ባሕር በሌለበት አገር" ሲልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? ስለ በልግ ጠይቂው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥልልን ዝናብ እርጥበቱን በብዛት የሚያመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ክረምታችንም ከባሕር ጋር የታሰረ ነው፤ እዚያ ማዶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት ሲመጣ፣ የኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 በልጉ ከሸፈ፤ ክረምቱም ተከተለውና በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ባለቤትሽም ያን ዓመት የእህል ዋጋ የት እንደደረሰ አይረሳውም። በዚያ ላይ የሰው ልጅ ነዳጅና ከሰል እያነደደ በምድር ላይ ከጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የተሸከመው ባሕር ነው። ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህሉን ይውጣል። አሰብ ሳንወርድም ባሕሩ በደመና ተጭኖ እኛ ዘንድ ይመጣል። እሱን መውደድሽ የልጆችሽን እንጀራ አይዘጋም።

አሁን ሌሊት ስለሚያስለቅስሽ ነገር ልናገር። አንቺ ባሕሩን አልገደልሽውም። ፓስፊክ ላይ ተከማችቶ በሚንሳፈፈው ትልቁ የፕላስቲክ ክምችት ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በክብደት 46 በመቶው የዓሣ ማጥመጃ መረብ እንደሆነ አሳይቷል፤ የአጥማጅ መርከቦች ጥፋት ነው። እዚህ ቦርከናም ላይ ከፌስታል ሌላ የፋብሪካ ፍሳሽ አለ፤ እሱን የመቆጣጠር ሥራ ሹመትና ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፣ የአንዲት ባለ ሱቅ አይደለም። የድርሻሽን ያዢ፤ የሌላውን ጥፋት አታዝዪ።

ስለ ተስፋ የጠየቅሽኝን በዚያችው በኤሊዋ ልመልስልሽ። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ የሚሏት ዝርያ ለብዙ ዓመታት "ለመጥፋት የተቃረበች" ተብላ ተመዝግባ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዚያ መዝገብ አወጣት፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ቁጥሯ 28 በመቶ ያህል ጨምሯል። ይህ እንዴት ሆነ? በብዙ አገር ጠረፍ ያሉ ሰዎች በሌሊት አሸዋ ላይ እየተመላለሱ እንቁላሏን ከሰራቂና ከውሻ ጠበቁ። አጥማጆች መረባቸው ላይ ኤሊ የምትወጣበት ቀዳዳ እንዲያበጁ ተደረገ። አሁን ይህን ልብ በይልኝ፦ ኤሊ ከእንቁላል ወጥታ ራሷ እንቁላል ለመጣል ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይፈጅባታል። ያቺን የመዳፍ ሩብ የማታህል ጫጩት ውኃው ድረስ የሸኛት ሰው፣ ትመለስ አትመለስ ሳያውቅ ነው በማግስቱም ተነስቶ የጠበቀው። ከነሱ ውስጥ ስትመለስ ሳያይ ያለፈ ብዙ አለ። ተስፋ አድርገው አልጀመሩም ብዬ አስባለሁ። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ነው ተስፋው የመጣው።

የዓሣ ነባሪውም ነገር ተመሳሳይ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ምዕራባዊ ክፍል የሚኖረው አንዱ ዝርያ በአደን አልቆ 450 ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። አገሮች ተስማምተው አደኑን አገዱ፤ ዛሬ 25,000 ገደማ ደርሷል። ባሕር ዕረፍት ከሰጡት ይመልሳል።

ወደ ሱቅሽ ልመለስ። ስህተትሽ ብቻሽን መጀመርሽና በአንድ ቀን መቁረጥሽ ነው። ጎረቤትሽ ፌስታል እየሰጠ አንቺ ከከለከልሽ ደንበኛው ወደሱ ይሄዳል፤ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ስለዚህ ፌስታሉን ከሚታይበት አውርደሽ ከባንኮኒው ሥር አድርጊው፤ የጠየቀ ይወስዳል። ያልጠየቀው ብዙ መሆኑን ስታዪ ትገረሚያለሽ። በየቀኑ የሚመጡትን አምስትና ስድስት ደንበኞችሽን ለይተሽ "ነገ ዘንቢልሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔ መርጬ ጥሩ ጥሩውን ቲማቲም አስቀምጥልሻለሁ" በያቸው። ለረሳ ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሚተርፈው ብጣሽ ጨርቅ ከረጢት አሰፊና በመያዣ ስጪ፤ ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል። ስኳሩን በወረቀት ጠቅልይ። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ሰኞ ገበያ ስወርድ ቅቤው በቅጠል፣ ስኳሩ በወረቀት፣ ዘይቱ ከቤት በመጣ ጠርሙስ ነበር። ሲመሽ የእናቴ ዘንቢል ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል፣ በማግስቱ ያው ዘንቢል ነው የሚወርደው። እናቶቻችን ያወቁበትን ነው የምታስታውሺያቸው።

ከዚያ ነገሩን ወደ ቅሬው ውሰጂው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ የቀረውን የሚቀጣ ቅሬ ቦይ ማስጠረግ አያቅተውም። "በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እያንዳንዱ ቤት ደጃፉ ላይ ያለውን ቦይ ይጥረግ፤ ፌስታል ቦይ ውስጥ አይጣል፣ ደጅ ላይም አይቃጠል" የሚል ውሳኔ ቢያወጡ የአንቺን ሦስት ሳምንት ድካም በአንድ ቀን ይሠሩታል። ጭሱ ለልጆች ሳንባ መርዝ መሆኑንም ተናገሪ። ሀይላንዱን ለብቻ አጠራቅማችሁ ለቁራሌው ሽጡት፤ ገንዘቡ ለቅሬው ይግባ። ጎረቤት ባለ ሱቆቹንም እዚያው ታገኛቸዋለሽ፤ ሁሉም አብረው ካቆሙ የሚከስር የለም። ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። ሳስ ያለውን ፌስታል የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ራሱን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ወረቀቱ ብቻውን ቦይ እንደማይጠርግ ከመጀመሪያው አዋጅ አይተናል። ግን "ይቺ ምን ነካት?" ለሚልሽ ይህን መጥቀስ ትችያለሽ።

ስልኩን ሌሊት ሌላ ክፍል አስቀምጪው። የሚያስለቅስሽን ባየሽ ቁጥር ሌላ የሚያስለቅስ ነው የሚያመጣልሽ፤ ለኤሊዋ የሚጠቅማት ነገር የለውም። በዚያ ሰዓት ከአባትሽ ጋር ብትቀመጪ እመርጣለሁ። ዓይኑ ቢደክምም መንገዱን አልረሳውም። ልጆችሽን አጠገቡ አስቀምጪና ዛጎሉን እጁ ላይ አድርጊለት፤ ከሚሌ በኋላ ሙቀቱ እንዴት እንደነበረ፣ የጨው ሽታው የት ጋ እንደሚጀምር፣ ባሕሩ መጀመሪያ ከየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚታይ ይንገራቸው። ትልቋ ልጅሽ ትጻፈው።

የጻፈችውን ከቻልሽ ላኪልኝ፤ ቅሬውም ምን እንዳለሽ አብረሽ ጻፊልኝ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።