ጎንበስ ያለ ሰው የሚጠላ ውሻ

አብሽሪ እህቴ። የ8 ወር ውሻ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። አንቺ የጻፍሽው ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ውሻሽ ጃክ ቤት ውስጥ የዋህ ነው ብለሻል። ደሴ ከተማ ውስጥ ከሆጤ ሰፈር ወደ ፒያሳ ስትወጡ ግን ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ወይ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ሲያይ ፀጉሩን አቁሞ ገመዱን እየጎተተ ይወረወራል፤ ሰውየው ካለፈ በኋላ ደግሞ ጭራውን ወሽቆ እግርሽ ስር ይገባል። ልቡ ያለው ጭራው ላይ ነው።

"አንድ ቀን በደንብ ምቺው፣ ይተዋል" ያለሽ ሰው አለ። እኔ ደሴ ተወልጄ አሁን ኮምቦልቻ የምኖር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ውሻ ከግቢዬ ያልጠፋ ሰው ነኝ፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሰው የሚፈራ ውሻ ሰው ባየ ቁጥር ዱላ ከቀመሰ "ልክ ነበርኩ፣ ሰው ሲመጣ መከራ ይመጣል" ብሎ ነው የሚይዘው። በዱላ ብዛት ዝም ያለ ውሻ ደግሞ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ማስጠንቀቁን ብቻ ነው የተወው። እንዲህ ያለው ውሻ ሳያጉረመርም ይነክሳል። ስለዚህ ሲያጉረመርም አትቅጪው። "ራቅ በሉልኝ" ማለቱ ነው፣ አንቺም አራቂው።

ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ገደማ ያየውን ሰው፣ የሰማውን ድምፅ፣ የሸተተውን ሁሉ "ይህ የዓለም ነገር ነው" ብሎ ይቀበላል። እኛ ዘንድ ያ ጊዜ የሚያልፈው ግቢ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ከፍ ሲል ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ከአጥር ውጭ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል፣ ሰውየውም መንገደኛ ነውና ያልፋል። ውሻው ግን "አባረርኩት" ይላል። መንገድ ላይም ሲጮኽ ሰው ስለሚሸሸው፣ ቦይ የሚዘልም ስላለ፣ ጩኸቱ እንደሚሠራ በየቀኑ ይረጋገጥለታል።

ሌላው የድንጋይ ነገር ነው። በእኛ ከተማ ውሻ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጎንበስ ማለት ነው። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ይላል፤ ውሻውም ያውቃል። ጃክ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ያለ ሰው ላይ አበደ ያልሽው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ሥራው ሁሉ ርቀት ላይ ነው። ጃክ ሰውን አይቶ ጆሮውን የሚያቆምበት፣ ግን ገና የማይጮህበት ርቀት አለ። 20 ሜትር ይሁን 50፣ እሱን ፈልጊ። እዚያ ቁሚና ሰውየውን እንዳየ ወዲያው ትንሽ ሥጋ ስጪው፤ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ ይበቃል። ሰውየው እስኪያልፍ እያከታተልሽ ስጪው፣ ካለፈ በኋላ አቁሚ። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ሥጋ። ሥጋውን ቀድመሽ ካወጣሽ ሥጋው ራሱ "ሰው ሊመጣ ነው" የሚል ማስፈራሪያ ይሆንበታል። ሲሰምርልሽ ሰው እንዳየ መጮሁን ትቶ ዞር ብሎ አንቺን ያይሻል። በሁለት ሦስት እርምጃ መቅረብ የምትችይው ያኔ ነው። የሚወደውን ሥጋ እምቢ ካለሽ ጠግቦ ላይሆን ይችላል፣ በጣም ቀርበሽ ይሆናል። ተመልሰሽ ራቂ።

ሳምባ እርካሽም ነው፣ ውሻም ይሞትለታል። ግን በደንብ ቀቅይው። ጥሬ ሳምባና ጉበት ውስጥ ያ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለ ውሻው የኮሶ ዓይነት ትል ይይዘዋል፤ ከእሱም ወደ ሰው፣ ይልቁንም ከውሻ ጋር ወደሚጫወቱ ልጆች ይተላለፋል። ከሥልጠናው በፊትም ምሳውን አታብይው።

ገመዱ ይላላ። ሰው ሲመጣ ሳናውቀው እጃችን ይጠብቃል፣ አንገቱ ይታነቃል፣ እሱም ሰውና መታነቅን አንድ ያደርጋቸዋል። የአንገት ሰንሰለቱን ትተሽ ደረቱን ዞሮ የሚታሰር ቀበቶ ፈልጊ፤ ካላገኘሽ ጫማ ሰፊ በወፍራም የሸራ ጥብጣብ ይሠራልሻል። "ዞር!" ስትይው አብሮሽ መዞርንም መጀመሪያ ግቢ ውስጥ አስለምጂው። የደሴ መንገድ ጠባብና ቁልቁለት ነው፣ በክረምት ደግሞ ሰው ከጉሙ ውስጥ አጠገብሽ ድንገት ብቅ ይላል፤ መዞር የሚያውቅ ውሻ ያኔ ያሳርፍሻል።

የጎንበሱን ነገር ከራስሽ ጀምሪ። ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ መሬት ላይ ሥጋ ጣዪለት፣ ተነሺ፣ ደግመሽ ጎንበስ በይ። ከዚያ ወንድምሽ፣ ከዚያ የጎረቤት ልጅ። ጋቢውንም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ጃክ የሚያውቀው ሰው ይልበሰው፣ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ሌላ ቀን ዱላ ይያዝ። የሰፈር ልጆች "ውሻ! ውሻ!" እያሉ ድንጋይ ከሚወረውሩ ሥራ ስጫቸው። "እዚያ ግንብ ጋ ቁሙ፣ ሳትሮጡ በቀስታ እለፉ" ብትያቸው ከአንቺ በላይ ቁም ነገር ያደርጉታል፤ እኔ ሰፈር ለተራ ይጣሉ ነበር። አዋቂ ባለበት ብቻ ይሁን፣ ውሻውም ምንጊዜም በገመድ ይያዝ።

"መንገደኛው በእጁ ያብላው" የሚለውን ምክር ግን አልወደውም። ውሻው ለሥጋው ሲል ይጠጋና ሥጋው ሲያልቅ ራሱን ከሚፈራው ሰው ጉልበት ስር ያገኘዋል። ብዙ ንክሻ የሚመጣው እንዲያ ነው። "የሚጮኽ ውሻ አይናከስም" የሚሉሽንም አትመኛቸው።

ሰዓት ምረጪ። ማለዳ ከሱብሂ የሚመለሰውም ወደ ኪዳን የሚሄደውም አንድ ላይ መንገዱን ይሞላዋል፣ የሰፈር ውሾችም በመንጋ ገና አልተበተኑም። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ተማሪው ክፍል ከገባ በኋላ ይሻላል። ሰኞ የገበያ ቀን ነውና ወደ ሰኞ ገበያ በኩል አትሂጂ፣ አርብም የጁምዓ ሰዓት ይለፍ። ውዱ አድርጎ የሚሄድ ሰው የውሻ ለሃጭ ሊነካው አይፈልግም፤ አንቺ ቀድመሽ መንገድ ስትሻገሪለት ደስ ይለዋል፣ ጃክም ርቀቱን ያገኛል። ሰፊ ሜዳ ከፈለግሽ ገራዶ ወይም ቦሩ ሜዳ ሰውን ከሩቅ የምታዪበት ቦታ ነው። እዚያ በአንድ ጠዋት የሚገኘው ፒያሳ ላይ በሳምንት አይገኝም።

እናትሽ "ጩኸቱን ካስተዋችሁት ሌባ ሲመጣ ማን ይጮኻል?" ማለታቸው የብዙ ሰው ስጋት ነው። ግቢና መንገድ ለውሻ አንድ አይደሉም። የእኔ ውሻ መቻል መንገድ ላይ ጋሪና ባጃጅ መሃል ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ሌሊት አጥሬን የነካ እንደሆነ ግን ጎረቤት ሁሉ ይነቃል። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት መዋል ነው ውሻን የሚያከፋው። ሰንሰለቱን በአጥር ውስጥ በመፈታት ከቀየርሽለት ግማሹ ሥራ ያልቃል።

በአንድ ሳምንት ለውጥ አትጠብቂ፤ የወራት ሥራ ነው፣ በመሃልም ደህና ሰንብቶ አንድ ቀን እንደ መጀመሪያው ያደርገዋል። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ድንገት ጠባዩ ሁሉ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ግን አትንኪው፣ ለይተሽ ዝጊበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ። ሰው ከነከሰ ደግሞ ተከትቧል ብለሽ አትዘናጊ፤ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ የተነከሰው ሰው በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ጃክም ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

አፉን ስለማሰር ለጠየቅሽው፣ ጨርሶ የሚዘጋውን ጨርቅ አትግዢ፤ ማለክለክም ሥጋ መቀበልም አይችልም። የቅርጫት ዓይነቱ ግን መጥፎ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሥጋ እያስበላሽው ካስለመድሽው ሐኪም ጋ ስትወስጂውም ይጠቅምሻል። እስከዚያው በስንት ሜትር ላይ መጮህ እንደሚጀምርና ገመዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እናያለን።