ያገለገለ ማክና የአፕል ነፃ ፕሮግራሞች፦ ነፃ ናቸው፣ ግን በማን አይዲ?

ወንድማችን፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ያገለገለ የ2012 ማክቡክ ኤርና አይፎን 6 ገዝተሃል። ፔጅስ (ለጽሑፍ)፣ ነምበርስ (ለሂሳብ ሠንጠረዥ)፣ ኪኖት (ለፕሬዘንቴሽን)፣ አይሙቪ (ለቪዲዮ) እና ጋራጅባንድ (ለሙዚቃ) ነፃ ናቸው ሲሉ ሰምተሃል። አፕ ስቶር ግን ከዚህ የበለጠ አዲስ ሲስተም ያስፈልጋል እያለ ይመልስሃል፤ ሻጩ ደግሞ «ጨመር ካደረግክ እጭንልሃለሁ» አለህ። አትክፈል። ፕሮግራሞቹ የእውነት ነፃ ናቸው፤ አንተን የያዘህ ዋጋ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፦ የማን አፕል አይዲ (በኢሜይልና በፓስዎርድ የሚገባበት የአፕል አካውንት) እንደሆነና የማክኦኤሱ (የማኩ ሲስተም) ዕድሜ።

ግራ መጋባቱ ከድሮው ደንብ የመጣ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው።) ኪኖት በ2003 ሲወጣ ለብቻው 99 ዶላር ነበር። በ2005 ከፔጅስ ጋር አይወርክ ተብሎ በ79 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ነምበርስ የተጨመረው በ2007 ነው። በኋላ በማክ አፕ ስቶር እያንዳንዳቸው 19.99፣ በአይፎንና አይፓድ 9.99 ዶላር ሆኑ። በ2013 መኸር አፕል ነፃ አደረጋቸው፤ ግን አዲስ ዕቃ ለሚገዛ ብቻ። ከዚያ በፊት የገዛና ያገለገለ የሚገዛ ሰው እንደ ድሮው መክፈል ነበረበት። ይህ ቅድመ ሁኔታ የተነሳው በኤፕሪል 2017 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አምስቱም ለማንኛውም የማክ፣ የአይፎንና የአይፓድ ባለቤት ነፃ ናቸው። «ከዕቃው ጋር ካልመጣ አይሰራም» የሚልህ ሰው የ2013ቱን ደንብ ነው የሚነግርህ። ፋይናል ከት ፕሮ (ትልቁ የቪዲዮ ማቀናበሪያ) እና ሎጂክ ፕሮ (ትልቁ የሙዚቃ ማቀናበሪያ) ግን ከዚህ ውስጥ አይደሉም፤ እነሱ የሚከፈልባቸው ናቸው፣ ፈቃዱም የገዛው ሰው አይዲ ላይ እንጂ ማሽኑ ላይ አይቀመጥም። ሻጩ «ፋይናል ከት አብሮ አለው» ካለህ አንድ ቀን አፕዴት ሲጠይቅ የማታውቀው ሰው ፓስዎርድ ይጠየቃል ማለት ነው።

አምስቱም ላይ ያው ነገር ያጋጥማል። ማኩ ላይ ቀድሞ የነበረው ፔጅስ የፊተኛው ባለቤት አይዲ ላይ የተመዘገበ ነው፤ ይከፈታል፣ ይሰራል፣ አፕዴት ስትለው ግን የሱን ኢሜይል አምጥቶ ፓስዎርድ ይላል። እሱን ፍለጋ አትድከም። ፕሮግራሙን ከአፕሊኬሽንስ ወደ ትራሽ ጣለው፣ ትራሹን ባዶ አድርግ፣ በራስህ አይዲ እንደገና አውርደው። ሰነዶችህ ከፕሮግራሙ ጋር አይጠፉም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የ2012 ማክቡክ ኤር በይፋ ካታሊና ከሚባለው የማክኦኤስ ቨርዥን (10.15) አያልፍም፤ አይፎን 6 ደግሞ በአይኦኤስ 12 ላይ ቆሟል። የዛሬዎቹ የፔጅስና የአይሙቪ ቨርዥኖች ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አፕ ስቶር ግን አሮጌውን ቨርዥን አልጣለውም፤ የሚሰጠው ፕሮግራሙን ቀድሞ ለወሰደ አይዲ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አይዲህ «ወስዷል» መባል አለበት። አዲስ ማክ ያለው ወዳጅ ፈልግ። በሱ ማክ አፕ ስቶር ላይ ብቻ (አይክላውድ ላይ አይደለም!) በአንተ አይዲ ግባ፣ አምስቱን አንድ በአንድ «ጌት» (Get) በላቸው፣ ማውረድ ሲጀምሩ አቋርጠህ ሳይን አውት ማድረግ ትችላለህ፤ ምዝገባው ተይዟል። ከዚያ ወደ ራስህ ማክ ተመለስና አፕ ስቶርን ክፈት፣ ከታች በግራ ስምህን ተጫን፤ የወሰድካቸው ተዘርዝረው ታገኛቸዋለህ። የደመናዋን ምልክት ስትጫን ለዚህ ሲስተም የሚሆነውን የመጨረሻ ቨርዥን ላውርድልህ ወይ ይልሃል፤ እሺ በል። ከፍለጋው ሳጥን ብትጀምር ያው የድሮ እምቢታ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለአይፎኑም መንገዱ አንድ ነው፣ ግን የማክና የአይፎን ምዝገባ ለየብቻ ስለሆነ አዲስ አይፎን ላይ ሌላ ጊዜ መውሰድ ይኖርብሃል። እዚያ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ በሰው ስልክ ላይ በአንተ አይዲ ቀድሞ የተወሰደ ነገር ልታወርድ ስትል ስልኩ ለ90 ቀን ከዚህ አይዲ ጋር ይታሰራል የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ካንስል በል፤ አለዚያ ባለቤቱ የራሱን የቆዩ አፖች ለሦስት ወር ማውረድ ያቅተዋል።

ባንክ ካርድ ከሌለህ አይዲውን ከሴቲንግ አትክፈት። አፕ ስቶር ውስጥ አንድ ነፃ አፕ ጌት ብለህ እዚያው «አዲስ አይዲ» ብትጀምር በክፍያ ገጹ ላይ «None» (ምንም) የሚል ምርጫ ይመጣል። ያልተከፈለ ሂሳብ ያለበት ወይም የፋሚሊ ሼሪንግ አደራጅ የሆነ አይዲ ላይ ግን ይህ ምርጫ አይታይም።

ዳታህንም አስብበት። አይሙቪ ብቻውን ከ2 ጊጋ በላይ ነው። ጋራጅባንድ ደግሞ መጀመሪያ ከወረደ በኋላ ሲከፈት ድምፆችን መጨመር ይጀምራል፤ በሳውንድ ላይብረሪ ሜኑ ውስጥ ያለውን «ሁሉንም አውርድ» ከነካህ ብዙ ጊጋ ይሄዳል። ማክህ 64 ጊጋ ዲስክ ያለው ዓይነት ከሆነ ፈጽሞ አትንካው፤ የምትፈልገውን መሣሪያ ብቻ ለይተህ አውርድ።

ሲጫን የሚጠብቅህ ሌላ ነገር የፋይል አለመግባባት ነው። አዲስ አይፎን ያለው ሰው የላከልህን የፔጅስ ፋይል የአንተ አሮጌ ፔጅስ «አዲስ ቨርዥን ይፈልጋል» ብሎ ላይከፍተው ይችላል። ያን ጊዜ በፋየርፎክስ ወደ አይክላውድ ድረ ገጽ ገብተህ ፋይሉን ስቀልና እዚያው ወደ ዎርድ ወይም ፒዲኤፍ ቀይረው። ዊንዶውስ ላለው ሰው ደግሞ የፔጅስ ፋይሉን እንዳለ አትላክ፤ ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ ዎርድ።

አማርኛ ላይ፦ ከማክ ጋር የሚመጣው የግዕዝ ፎንት ከፋ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍት ፔጅስ ፎንቱ የለም ይልና በሌላ ይተካል፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ግን የመስመሩ ስፋት ተቀይሮ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሁለት ሊሆን ይችላል። ፎርማት፣ ፎንት፣ ሪፕሌስ ፎንትስ ብለህ አንድ ጊዜ ለሁሉም ቀይርና ገጹን እንደገና እይ። በአማርኛ ፈንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ካየህ ግን ጥፋቱ የፔጅስ አይደለም፤ ሰነዱ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው የጋራ ደንብ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር ፎንት ብትለዋውጥ ዋጋ የለውም።

ነምበርስ ላይ የዕቁብ ወይም የሱቅ ሂሳብ የምትይዝ ከሆነ የኛን ቀን እንደ ቀን አትጻፍ። ነምበርስ 1/13/2016 ብለህ ጳጉሜን 1 ስትጽፍለት ወይ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል ወይ የፈረንጅ ጃንዋሪ 13 አድርጎ ይገለብጠዋል፤ በቅደም ተከተል ስታሰልፈው ዓመቱ ሁሉ ይዘበራረቃል። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ «ቴክስት» ቀይርና ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለህ 2016-13-01 እያልክ ጻፍ፤ እንደ ጽሑፍም በትክክል ይሰለፋል። የኤክሴል ማክሮ (ሥራ በራሱ እንዲሠራ የሚጻፍ ትእዛዝ) እዚህ አይሰራም። ፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃ በየዓይነቱ ደምሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) የመጣው በ2021 በቨርዥን 11.2 ነው፤ የወረደልህ ከዚያ በታች ከሆነ አትፈልገው።

አይሙቪ ስትጀምር መጀመሪያ የምታስገባው ክሊፕ የፕሮጀክቱን ጥራት ይወስናል። አሮጌ ማሽን ስለሆነ 1080 ክሊፕ አስቀድም፤ 4ኬ ካስቀደምክ ኤክስፖርቱ ያሰቃይሃል። በቁም የተቀረጸ ቪዲዮ ግራና ቀኙ ይጠቁራል ወይ ይቆረጣል። ለቲክቶክ ከሆነ ክሊፑን በ90 ዲግሪ አዙረህ ሥራውና፣ ካወጣኸው በኋላ በኩዊክታይም መልሰህ አዙረው፤ ግን ጽሑፍ ከጨመርክበት ጽሑፉ ስለሚጋደም ይህ ዘዴ አይሆንም። ላይብረሪውን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ስታዞር ዲስኩ በማክ ፎርማት መሆን አለበት፤ ኤክስፋት (exFAT፣ ማክም ዊንዶውስም የሚያነቡት ፎርማት) ላይ አታስቀምጠው።

ጋራጅባንድ ለኛ ሙዚቃ ከሚታሰበው በላይ ይጠቅማል። ስልኩ ላይ ኪቦርዱን ክፈትና «ስኬል» የሚለውን ተጫን። ሜጀር ፔንታቶኒክ ስትመርጥ ያገኘኸው ትዝታ ሜጀር ነው (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ)፤ ማይነር ፔንታቶኒክ ደግሞ ባቲ ማይነር። ለአምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) እና ለአንቺሆዬ ስኬሉን አጥፍተህ በሙሉ ኪቦርድ ተጫወት። ለጭክጭካ ከመቅዳትህ በፊት በሶንግ ሴቲንግ ውስጥ ታይም ሲግኔቸሩን 6/8 አድርገው፤ ከቀዳህ በኋላ ብትቀይረው የቀዳኸው ከመቁጠሪያው ጋር አይገጥምም። ስልኩ ላይ 8 ባር ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ብልሽት አይደለም። በላይ በቀኝ ያለውን የመደመር ምልክት ተጫን፣ «Section A» ውስጥ ግባና «አውቶማቲክ» አድርገው።

የጋራጅባንድን ሉፖች (ተዘጋጅተው የሚመጡ፣ እየተደጋገሙ የሚጫወቱ አጫጭር ድምፆች) በምትሸጠው ሥራ ውስጥ መጠቀም ተፈቅዷል፤ የማይፈቀደው ሉፑን ለብቻው እየነጠሉ መሸጥ ነው። ያንኑ ሉፕ ሌላ ሰውም ተጠቅሞበት ዘፈኑን ካስመዘገበ ዩቲዩብ ላይ ክሌይም (የባለቤትነት ጥያቄ) ሊመጣብህ ይችላል። ዲስፒዩት አድርግ (ተቃውሞ አቅርብ) እና ድምፁ የጋራጅባንድ ሉፕ መሆኑን ጻፍ፤ ወይም ሉፑን ለመነሻ ብቻ ተጠቅመህ በራስህ ከበሮ ተካው።

«ለዚህ ሲስተም የሚሆነውን» የሚለው ጥያቄ ካልመጣልህ የአፕል ሎጎዋን ተጭነህ «አባውት ዚስ ማክ» ውስጥ ያለውን ቁጥር በስክሪንሾት እዚሁ ላክ፤ ካታሊና ሳይሆን ከሱ በፊት የነበረው ሃይ ሲየራ ላይ ቀርተህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ሲስተሙን ወደ ካታሊና ማሳደግ ነው።