ኒርቫናና መንግሥተ ሰማያት አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የሥራ ባልደረባዬ ቡድሂስት ነው። ሥጋ አይቀምስም፣ አይዋሽም፣ ማለዳ ማለዳ በጽሞና ይቀመጣል። «ምኞት ሲጠፋ መከራም ይጠፋል» ይለኛል። ይህ አባቶቻችን ፍትወትን ድል ከመንሣታቸው በምን ይለያል? ኒርቫና የሚሉትስ መንግሥተ ሰማያት አይደለምን? አብሬው በጽሞና ብቀመጥስ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ስሙ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ሐውልቱን ብቻ አይተው «ቡድሃን ፈጣሪ ይሉታል» የሚሉም አሉ፤ እሱም ስሕተት ነው። ቡድሃ የሚባለው ጎተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በሰሜን ሕንድ ያስተማረ ሰው ነው፤ እነሱም ፈጣሪ አይሉትም። (ሥጋ መተውም የሁሉም ሕግ አይደለም። በታይላንድና በስሪላንካ ያሉ፣ ቴራቫዳ ከሚባለው የቡድሂስት ወገን የሆኑ መነኮሳት ሥጋ በሳሕናቸው ቢገባ፣ ለእነሱ ተብሎ እስካልታረደ ድረስ ይበላሉ፤ በቻይና ያሉት፣ ማሃያና ከሚባለው ሌላ ወገን የሆኑ መነኮሳት ናቸው አጥብቀው የሚተዉት።)

ባልደረባሽ «ምኞት» የሚለው ቃል በፓሊ ቋንቋ «ታንሃ» ነው፤ ትርጉሙ ጥም። ኒርቫና ደግሞ መብራት ድርግም እንደሚል መጥፋት ማለት ነው። «ሰው ይደመሰሳል» ይላሉ ብለሽ እንዳታሚያቸው፤ ጠፋ የሚሉት የስስት፣ የጥላቻና የድንቁርና እሳት ነው። ነገር ግን ጸንቶ የሚኖር ነፍስ የለም ብለው ያስተምራሉ። ከሻማ ወደ ሻማ እሳት ሲለኮስ አይተሻል? ዳግም ልደትን በዚያ ይመስሉታል፤ ነበልባሉ ይቀጥላል፣ የሚሻገር ነፍስ ግን የለም። በማሃያና አሚታባ የሚባል የሌላ ቡድሃ ስም እየጠሩ «ንጹሕ ምድር» በሚሉት በእሱ ምድር መወለድን የሚሹ አሉ፤ ይህ ለጆሯችን ገነት ይመስላል፤ ለእነሱ ግን ያ ምድር ወደ መንቃት (እውነትን ፈጽሞ ወደ ማወቅ) መሸጋገሪያ ነው። ቫጅራያና የሚባለው የቲቤቱ ወገን በመምህር እየተመራ፣ ማንትራ በሚሉት ተደጋግሞ በሚባል ቅዱስ ቃል የሚሄድበትም መድረሻ ይኸው መንቃት ነው።

እኛስ? ዳዊት ጥሙ እንዲጠፋለት አልለመነም፤ «ነፍሴ ወደ ሕያው አምላክ ተጠማች» አለ እንጂ (መዝ. 41፥2)። ጌታም ጽድቅን የሚጠሙትን ብፁዓን ሲላቸው «ይጠግባሉና» አለ (ማቴ. 5፥6)። አባቶቻችን የታገሉት አቅጣጫ የሳተውን ምኞት ነው፤ መናፈቅን ራሱን አልገደሉም። በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ያለውን እያመለክን ጥምን እንዴት የመከራ ሥር እንለዋለን?

ስለዚህ ለጽሞናው አብረሽው አትቀመጪ፤ ይህን በግልጽ እነግርሻለሁ። የእኛ ዝምታ የሚሰማን አለ ብለን በፊቱ የምንቆምበት ነው። ምሳ ግን አብረሽው ብዪ። ከየትኛው ወገን እንደሆነም ጠይቂው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ በደንብ ያስረዳሻል።